በእግሩ የሄደው ቤት

አንድ የፎቶ ጋዜጠኝነት ተማሪ ነበር። ትምህርቱን ለመጨረስ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ካነሳቸው ፎቶዎች ምርጥ ምርጡን ሰብስቦ ለመምህሩ ማቅረብ። ይህን ስብስብ ፖርትፎሊዮ ይሉታል። ፖርትፎሊዮው ካለፈለት ይመረቃል፣ ጋዜጣ ቤትም ሥራ ያገኝበታል። ካላለፈለት ግን ዓመቱን መድገም ነው። እሱን ለማስተማር ደግሞ እናቱ ያልሆነችው አልነበረም።

መምህሩ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አይቶ ወደ ጎን ገፋቸው። ተማሪውን ጭንቅ ያዘው።

"ምነው መምህር፣ አያምሩም እንዴ?"

"ያምራሉ። ግን ሁሉንም ከሩቅ ሆነህ ነው ያነሳኸው።"

"ሌንሱ እኮ ያቀርባል መምህር።"

"ስለ ሌንሱ መች ጠየቅሁህ? እኔ የምልህ ስለ ራስህ ነው። ሂድና አንድ ፎቶ ጨምረህ ና። አደራህን፣ ሰዎችን 'ድገሙልኝ' ብለህ እንዳታነሳ። የተደገመ ነገር ቲያትር እንጂ ዜና አይደለም። እስከ ሰኞ ካላመጣህ እንግዲህ ለከርሞ እንገናኛለን።"

ተማሪው ወጣ። ምን ላንሳ፣ ወዴት ልሂድ ሲል፣ በአንድ ሩቅ ደጋ አገር ቤት በእግሩ ሊሄድ ነው ሲሉ ሰማ። ቤት በእግሩ ይሄዳል እንዴ? ሳያምን ካሜራውን አንጠልጥሎ ሄደ።

በዚያ አገር ቤት የሚሠራው ከቀርከሃ ነው። እንደ ትልቅ ቅርጫት ተጎንጉኖ ይቆማል፣ ቁመቱ ከዛፍ ይስተካከላል። ቦታው ሲከፋ ቤቱን አያፈርሱትም። አገሬው ይሰበሰብና ከነጣሪያው አንስቶ፣ ተሸክሞ፣ ሌላ ቦታ ወስዶ ያቆመዋል።

የዚያን ቀን የሚነሳው ቤት የአንዲት አራስ ነበር። ዝናቡ ጠንቶ ጎርፍ በግድግዳው ሥር እየገባባት ነው። ወለሉ ረጥቧል። ሕፃኑም ማሳል ጀምሯል። እናቲቱ እንቅልፍ ካጣች ሰንብታለች፤ ሕፃኑ ሲያስል ትደነግጣለች፣ ዝም ሲል ደግሞ ይተነፍስ ይሆን ብላ ጆሮዋን አፍንጫው ሥር ትደቅናለች። ተማሪው ግን ይህን ሁሉ አላወቀም። ያየው ቤቱን ብቻ ነው። ብርሃኑ የሚያምርበትን ጉብታ መርጦ ወጣና የካሜራውን ማቆሚያ ተከለ።

ሰው ከየአቅጣጫው መጣ። ገሚሱ በቤቱ ዙሪያ ቆመ፣ ገሚሱ ወደ ውስጥ ገባ። በግድግዳው ላይ የታሰሩትን አግዳሚ እንጨቶች ያዙ። አንድ ሽማግሌ ፊት ለፊት ቆሞ ዘፈን አወጣ። ሁሉም በአንድ ድምፅ "ሆ!" አለ።

ቤቱ ተነሳ።

ያ ሁሉ ቤት፣ ከነጭስ መውጫው፣ ከነጣሪያው ሣር፣ ከመሬት ለቀቀ። ትንሽ ተወዛወዘ፣ ቀጥ አለ፣ ከዚያም መሄድ ጀመረ። እንደ ዝሆን ቀስ እያለ ሜዳውን ያቋርጥ ገባ። ተማሪው አፉን ከፍቶ ቀረ። ጣቱ ካሜራው ላይ ደርቆ ቀረ። እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜው አይቶ አያውቅም።

ነቃ ሲል ለካ አንድም ፎቶ አላነሳም። ቤቱ የተነሳበት ያ ቅጽበት አልፏል። ሰኞ ታየው፣ እናቱ ታየችው። የመምህሩን ቃል ረሳና ጮኸ፦

"ቆዩ! ቆዩማ! አንዴ አስቀምጡትና እንደገና አንሱልኝ!"

ከተሸካሚዎቹ አንዱ፣ "ምን አለ ይሄ?" አለ።

"አስቀምጡት አለ!"

"ወይ ጉድ! መሶብ መሰለው እንዴ?"

"አንተ ልጅ! አንተ ና አንሳው፣ እኛ ፎቶ እናንሳህ!"

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ሳቁ ዘፈኑን ሰበረው፤ ዘፈኑ ሲሰበር እርምጃው ተዛነፈ። ከውስጥ በኩል የተሸከመ ኦይሻ የሚባል ሰው እግሩ ጭቃው ላይ ከዳውና ወደቀ። ቤቱ ወደ አንድ ጎን አዘነበለ። ቀርከሃው ተንቋቋ።

"ጎን ጎደለ! ኧረ ጎን ጎደለ!"

ያን ጊዜ ከቤቱ ውስጥ የሕፃን ለቅሶ ተሰማ።

ተማሪው ክው አለ። እንዴ? ሕፃን አለበት? ማቆሚያውን እዚያው ጥሎ ቁልቁል ሮጠ። ካሜራው አንገቱ ላይ እየተወዛወዘ በግድግዳው ሥር ሾልኮ ገባና ኦይሻ በለቀቀው ቦታ ትከሻውን አስገባ። እንጨቱ አጥንቱ ላይ አረፈበት። ሽማግሌው ዘፈኑን እንደ አዲስ አነሳው። ቤቱም ቀና አለ።

እንግዲህ ተማሪው ቤቱን ከውስጥ ያየው ያኔ ነው።

ወለል የለውም። ሣሩ ከሥር እያለፈ ነው። ብርሃን በቀርከሃው ሽንቁር እንደ ክር ክር ሆኖ ይገባል። ዙሪያውን ሁሉ እግር ነው። ንቃቃት የበላው ተረከዝ አለ፣ የላስቲክ ቦት ጫማ አለ፣ ለቤተ ክርስቲያን ብቻ የሚደረግ የሚመስል ጥቁር ቆዳ ጫማም ጭቃ ውስጥ ገብቷል። ሁሉም በአንድ ላይ ያነሳል፣ በአንድ ላይ ይረግጣል። በእግሮቹ መሃል ደግሞ አንዲት ሴት ልጅዋን በነጠላ ሸፍና፣ ደረቷ ላይ አጣብቃ፣ ከቤቷ ጋር እኩል ትራመዳለች።

"ምነው እዚህ ሆነች?" አለ ተማሪው ትንፋሹ እየተቆራረጠ።

አጠገቡ የተሸከመው ሰውዬ ላቡን በትከሻው ጠረገ። "ልጁ ክርስትና ሳይነሳ አራስ ከቤት አትወጣም። ታዲያ ምን እናድርግ? ቤቱን ከነእሷ ወሰድነው።"

ተማሪው ዕንባው መጣ። በዓለም ላይ ማንም አንስቶት የማያውቅ ፎቶ ፊቱ ቆሟል። ካሜራው ደረቱ ላይ ነው፤ አንድ እጅ ብቻ ይበቃል። ቀስ ብሎ እጁን ከእንጨቱ ለቀቀ።

"ኧረ ወንድሜ! እጅህ! እጅህ የት ሄደ?" አለ ሰውዬው፣ ሸክሙ በእሱ ላይ አመዝኖ።

ግድግዳው ሲጢጥ አለ። እናቲቱ ካሜራውን አላየችም። ቀና ብላ የሚንቀጠቀጠውን ጣሪያ አየችና በልጅዋ ላይ ጎንበስ አለች፤ ቢወድቅ መጀመሪያ እኔን ያግኘኝ እንደማለት።

ተማሪው እጁን ወደ እንጨቱ መለሰ። ከዚያ ወዲያ ካሜራውን አላሰበውም። ትከሻው እሳት ሆነበት፣ ዘፈኑን አያውቀው፣ ግን "ሆ!" ሲሉ "ሆ!" አለ። የራሱ ድምፅ የቱ እንደሆነ ጠፋው።

ቤቱን እንደ ተኛ ልጅ ቀስ አድርገው ደረቅ ቦታ ላይ አስቀመጡት። ሕፃኑ ለቅሶውን ትቷል። እናቲቱ ጆሮዋን አፍንጫው ሥር ደቀነች፣ ሰማች፣ ተነፈሰች። ከዚያ ወደ ተማሪው ዞረች።

"የማን ልጅ ነህ አንተ?"

"የሩቅ ሰው ነኝ። ፎቶ ላነሳ ነበር የመጣሁት።"

"አነሳህ ታዲያ?"

"አላነሳሁም። እጄ አልቦዘነም።"

"እሰይ፣ እንኳን አልቦዘነ!" አለችና ሳቀች። ጎረቤቶቿ ከወለደች ወዲህ ስትስቅ ያዩዋት ገና ያን ጊዜ ነው።

ተማሪው ኦይሻን ፈልጎ እግሩ ላይ ወደቀ። "በእኔ ጩኸት ነው የወደቅከው፣ ይቅር በለኝ።" ኦይሻ ቁርጭምጭሚቱን እያሸ፣ "ትከሻዬን ተክተህልኛል፤ አሁን ደግሞ እግሬን ተካልኝና እስከ ቤቴ አዝለኝ" አለው። ሰዉ ሳቀ። ተማሪውም አዘለው።

ከዚያ ማቆሚያውን ሊያመጣ ወደ ጉብታው ወጣ። አንድም ፎቶ የለውም፤ ሰኞ ደግሞ ደርሷል። አንገቱን ደፍቶ ሲሄድ ሄደና ድንገት ወደ ታች አየ።

ታች፣ ቤቱ የነበረበት ቦታ ክብ ሆኖ ራቁቱን ቀርቷል። መሃሉ ላይ የምድጃው ጥቁር ጠባሳ አለ። ከዚያ ክብ ተነስቶ፣ ርጥቡን ሜዳ አቋርጦ፣ ቤቱ አዲስ እስከቆመበት ድረስ ኮቴ ነው። ኮቴ በኮቴ ላይ፣ የባዶ እግር በጫማ ላይ፣ እንደ ሰፊ ጥብጣብ ተዘርግቷል። በመሃል ደግሞ የአንዲት ሴት ቀላል እርምጃ አለ። ተማሪው የራሱን ኮቴ ፈለገ፣ ፈለገ፣ አጣው። ካሜራውን አነሳ። አንዴ ብቻ ተጫነ።

ሰኞ መምህሩ ያንን ፎቶ ይዞ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋው። ፎቶው ላይ አንድም ሰው አይታይም። ተማሪውን ላብ አጠመቀው።

መምህሩ መነጽሩን አወለቀና በቀስታ፣ "ስንት ሰው ነው ያለበት!" አለ።

"እኔም አለሁበት መምህር፤ የትኛው እንደሆንኩ ግን አላውቅም።"

መምህሩ ፎቶውን ከሁሉም በላይ፣ ከፖርትፎሊዮው ፊት አስቀመጠውና ማለፊያውን ፈረመለት።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ከጉብታ ላይ ሆኖ ለሚያይ ቤቱ በተአምር ይሄዳል። ከሥሩ የገባ ግን ተአምሩ ሰው መሆኑን ያያል። የሰውን ኑሮ አሳምሮ ማሳየት የሚፈልግ፣ አስቀድሞ ከኑሮው ሸክም ትንሽ ይቅመስ። ፎቶ ቢያመልጥ ሌላ ፎቶ ይገኛል፤ ሰው ግን እጃችንን በለቀቅንበት ቅጽበት ቢወድቅ በምን ይተካል? ልጅ የያዘች እናት ይህን ታውቃለች። ቤቴ ቆሟል ስትል፣ ስንት ሰው ከሥሩ እንዳለ ልቧ ያውቀዋል።

እስቲ አንተም፣ እስቲ አንቺም፣ ዛሬ የምትኖሩበትን ቤት ዙሪያውን ተመልከቱት። እዚህ ድረስ ተሸክመው ያመጡት እነማን ናቸው? ስማቸውንስ ታውቃላችሁ?