ገበጣ የበላው መቀናጆ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» ማለት ለምዳችኋል። ዛሬ «የበሬ በረት» በሉኝ፤ ነገሬ የበሬ ነው። ጆሯችሁን ስጡኝ። እየተጎነታተላችሁ ተረት የለም።

በድሮ ዘመን፣ በአንድ ወንዝ ዳር አገር፣ ይመኙሻል የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ሞቶባታል። የተዋት ሁለት ልጆችና አንድ በሬ ነው፤ በሬው ዳለቻ ይባላል። አንድ በሬ ደግሞ ብቻውን አያርስም። ጎረቤቷ አንለይም እንደሷው ባለ አንድ በሬ ነው፤ የሱ በሬ ቦራ ይባላል። ታዲያ ምን አደረጉ? ተቀናጁ። ዳለቻንና ቦራን ባንድ ቀንበር ጠምደው፣ አንድ ቀን የሷን ማሳ፣ አንድ ቀን የሱን ያርሳሉ። እርፉን የሚይዘው አንለይ፣ ዘሩን የምትበትነው ይመኙሻል። ይህ መቀናጆ ይባላል። ያ አገር በሙሉ የሚኖረው እንዲህ ነበር።

አንድ ቀን ከሩቅ አንድ ሰውዬ መጣ። ገበያው ዳር ሰፊ ዳስ ጣለ፤ ገበጣ ደረደረ። «እያስያዛችሁ ተጫወቱ፣ ያሸነፈ ይወስዳል» አለ። ከሚያገኘውም ሲሶውን ለንጉሡ ሰጠ። ገበያው ደመቀ። ጠጅ ሻጩ ከበረ፣ ሥጋ ሻጩ ከበረ፣ የንጉሡ ግምጃ ቤት ሞላ። ንጉሡም «አገሬ ለማ» አለ። የኔ ልጆች፣ ሆዱ የሞላ ሰው አገሩ ሁሉ የጠገበ ይመስለዋል።

አንለይም ሄደ። መጀመሪያ ዶሮ አስይዞ ዶሮ አገኘ። ደግሞ ሄደ፤ በግ አስይዞ በግ አገኘ። በሦስተኛው ቦራን አስያዘ። ባለ ገበጣው ፈገግ አለ። ሰውዬው ከልጅነቱ ጀምሮ ሌላ ሥራ አያውቅም፤ ዶሮውንም በጉንም የለቀቀው ይህን ቀን ብሎ ነው። ቦራ ተበላ።

አንለይ ይመኙሻል ደጅ መጥቶ ቆመ። ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

«እቴ፣ ቦራን ተበላሁ።»

«ምን ፈልገህ?»

«ሁለተኛ በሬ ባገኝ ብዬ። ያንቺንም እርሻ ቶሎ ቶሎ ባርስልሽ ብዬ።»

ልትቆጣው ነበር። ፊቱን ስታየው ተወችው። «ግባ፣ እህል ቅመስ» አለችው። እሱ ሲበላ እሷ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ዝናቡ ደርሷል፣ ማሳዋ አልታረሰም። ልጆቿ ለከርሞ ምን ሊበሉ ነው?

ያን ሰሞን ሰዉ ወደ ንጉሡ አቤት ማለት ጀመረ። አንድ ገበሬ ሄደ። «ጃንሆይ፣ ገበጣው በሬዬን በላኝ» አለ። ንጉሡም «ማን ተጫወት አለህ?» ብሎ መለሰው። የሌላ ገበሬ ሚስት ሄደች። «ጃንሆይ፣ ገበጣው ቤቴን ፈታው» አለች። ንጉሡም «ባልሽን ያዢ» ብሎ መለሳት። በሦስተኛው ይመኙሻል ዳለቻን እየነዳች ሄደች።

«ማን ተጫወቺ አለሽ?» አለ ንጉሡ።

«አልተጫወትኩም፣ ጃንሆይ።»

«እንግዲያው ባልሽን ያዢ።»

«ባሌ አፈር ከገባ ቆየ።»

«በሬሽን ተበልተሽ ነው?»

«በሬዬ ይኸው ቆሟል።»

ንጉሡ ግራ ገባው። «ታዲያ ምን ሆነሽ መጣሽ?»

«ልጆቼ ሊራቡብኝ ነው። ያገራችንን ሕግ ጃንሆይ ያውቁታል። የተቀናጀ በሬ ቢሸጥም ቢወረስም፣ ዘር እስኪገባ ድረስ ተራውን የሚሞላው አዲሱ ጌታው ነው። ቦራን የወሰደው ባለ ገበጣው ነው። እንግዲህ መቀናጆዬ እሱ ነው። ነገ ተራዬ ስለሆነ በሬውን ይዞልኝ ይምጣ። ሌላ አልለምንም።»

ከንጉሡ ጋር ለፍርድ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ተያዩና «እውነቷን ነው፣ ሕጉ ይኸው ነው» አሉ። ይህን የሰማ ባለ አንድ በሬ ሁሉ ግልብጥ ብሎ መጣ። «የኔም መቀናጆ እሱ ነው» ይላል አንዱ። «የኔም» ይላል ሌላው። ባለ ገበጣው ተጠራ።

«በሬዎቹ የታሉ?» አለው ንጉሡ።

«ሸጥኳቸው፣ ጃንሆይ። ሲሶው እርስዎ ግምጃ ቤት ገብቷል።»

ንጉሡ ወደ ደጅ ወጥቶ አገሩን አየ። መሬቱ ከወንዙ እስከ ተራራው ጦሙን አድሯል። አፈረ። «ለካ ስበላ የከረምኩት የከርሞ እህሌን ነው» አለ። ወደ ባለ ገበጣው ዞሮም ፈረደ።

«በሬ ከሌለህ ጫንቃ አለህ።»

ባለ ገበጣው ከዳለቻ ጎን ተጠመደ። እስኪ አስቡት። አንለይ ከኋላ እርፉን ይዟል። የመጀመሪያ ቀን ሰውዬው አቃሰተ። በሁለተኛው አለቀሰ። በሦስተኛው ንጉሡ እግር ላይ ወድቆ «ያለኝን ሁሉ ልስጥ፣ በሬዎቹን ገዝቼ ልመልስ» አለ። ንጉሡም ሲሶውን ከግምጃ ቤቱ አውጥቶ ጨመረበት። በሬዎቹ ተመለሱ፣ ዳሱ ፈረሰ፣ ሰውዬውም አገሩን ለቆ ሄደ። ጠጅ ሻጩ ትንሽ አዘነ፤ አዝመራው ሲደርስ ግን ተጽናና።

አንለይ ቦራ ቢመለስለትም አፍሮ ቤቱ ተቀመጠ። ይመኙሻል ዳለቻን ነድታ፣ ቀንበሩን ተሸክማ ደጁ ድረስ ሄደች።

«ና ውጣ፣ እንጥመድ።»

«የማንን ማሳ?»

«ያንተን ነዋ።»

«ተራው እኮ ያንቺ ነው፣ እቴ።»

«የኔንማ ባለ ገበጣው አረሰልኝ።»

አንለይ በሬውን ከተበላ ወዲህ ያን ቀን ገና ሳቀ። እየሳቀም እንባው ወረደ፤ እሷም አላፌዘችበትም።

በሉ፣ ተረቴን ተቀበሉኝና ተነሡ። ሣሩን ያየው አንለይ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ንጉሡም አይቶት ነበር። አበው «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» የሚሉት ለሁለቱም ነው።