የጠመኔዋ ሞተርሳይክል

አንድ ቀን ነው አሉ፤ ወሎ ውስጥ፣ አንዲት የመንገድ ዳር ከተማ ላይ፣ አራጋው የሚባል ሰው የሞተርሳይክልና የባጃጅ ጥገና የመጨረሻ ፈተናውን ሊፈተን ቱታውን ለብሶ ማሠልጠኛው ግቢ ገባ። ቱታ ስላችሁ ታዲያ ግራሶ የጠጣ፣ ዘይት የነካው እንዳይመስላችሁ። ዓመት ሙሉ ተለብሶ የካውያው መስመር እንኳ ያልጠፋ ቱታ ነው! እንዴት ሆኖ ብትሉኝ፣ ነገሩ እንዲህ ነው።

ማሠልጠኛው ለተግባር ትምህርት የምትሆን አንዲት አዲስ ሞተርሳይክል ከተሰጠው ሦስት ዓመት ሆኖታል። ተረክበው የፈረሙት መምህር ጌጡ ናቸው። መምህር ጌጡ ደግሞ፣ ዕድሜ ይስጣቸው፣ አንዴ የፈረሙበት ነገር ላይ ዝንብ እንዲያርፍ አይፈልጉም። «አንዲት ብሎን ብትጎድል የምጠየቀው እኔ ነኝ!» ብለው ከነላስቲኳ ግምጃ ቤት ከተቷትና ቆለፉባት። ሠልጣኞቹ በሳምንት አንድ ቀን ተሰልፈው በመስኮት ያዩዋታል። መስታወቱን መንካት ክልክል ነው።

ታዲያ ትምህርቱስ? ትምህርቱማ በጥቁር ሰሌዳ ነዋ! መምህር ጌጡ ራሳቸው በጠመኔ አንዲት ሞተር ሣሉ። እውነት እንነጋገር ከተባለ የፊት ጎማዋ ደህና ነው፤ የኋላው ግን ድንች ይመስላል። ከሥሯ «መደምሰስ ክልክል ነው» ብለው ጻፉባት። የተግባር ልምምድ ሲባል ሠልጣኙ መፍቻ ይዞ ሰሌዳው ፊት ይቆምና አየሩን ይፈታል። «ወደ ግራ ነው እንጂ አንተ! የብሎኑን ጥርስ በላኸው እኮ!» ብለው ይጮሁበታል። አንዱማ አየሩን ፈትቶ ሲያበቃ «ብሎኑን የት አደረግኸው?» ተብሎ ቢጠየቅ ማስታወስ አቅቶት አምስት ማርክ ተቀንሶበታል። ጉድ እኮ ነው!

ደግነቱ አራጋው ሞኝ አይደለም። እሑድ እሑድ ጋሽ እንድሪስ የሚባሉ ባለሙያ ጥገና ቤት እየሄደ እውነተኛ ሞተር ሲፈታና ሲገጥም ይውላል። እጁ ሥራውን ለምዶታል። አንድ ሰኞ ጥፍሩ ውስጥ ዘይት ያዩ መምህር ጌጡ «የት ነክተህ ነው? ግምጃ ቤቱን ሰበርህ እንዴ?» ብለው ሮጠው ሄደው ቁልፉን እስኪነቀንቁ ድረስ ለምዶታል። የቸገረው ወረቀቱ ነው። ጋሽ እንድሪስ ቁርጡን ነግረውታል፤ «እኔ እጅህን አምነዋለሁ፤ ግን የብቃት ወረቀት የሌለው ሰው እንዳታሠራ ተብያለሁ። ሰኞ ወረቀትህን ይዘህ ካልመጣህ ቦታውን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ፣ እንዳትቀየመኝ።» ፈተናው ዓርብ ነው። ከወደቀ ወደ ድሮው ጆንያ ተሸካሚነቱ መመለሱ ነው፤ ወገቡ ደግሞ ከዚያ ሥራ ጋር ከተጣላ ቆይቷል።

እንግዲህ የዚያን ዓርብ፣ ፈተናውን የሚመዝኑ ወይዘሮ ዘሐራ የሚባሉ ሴት ከበላይ መሥሪያ ቤት መጥተው ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። መምህር ጌጡ ከረባታቸውን አስተካከሉና ሰሌዳውን በዘንጋቸው መታ መታ አደረጉ።

«ይህቺ ሞተር ዛሬ ጠዋት አልነሳም ብላለች። ፈትሽና አስነሳ!»

አራጋው ምን ያድርግ? የቤንዚኑን መክፈቻ ከፈተ፤ እሳት የምትጭረውን ካንዴላ ፈታ፣ በብሩሽ ጠረገ፣ እፍ አለባት፣ መልሶ ገጠማት፤ ሁሉንም በአየር ላይ። የፈታትን ብሎን እንኳ ኪሱ ከትቶ ነው የሠራው፤ የሰውዬውን አመል ያውቃላ! ከዚያ እግሩን አነሳና መርገጫዋን በኃይል ሲረግጥ፣ ክንዱ ሰሌዳውን ዳበሰውና የፊት ጎማው ጥርግ ብሎ ጠፋ።

«ኡ ኡ ኡ!» አሉ መምህር ጌጡ፣ ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው። «ንብረት አወደመብኝ! ጎማዋን በላባት! ወይዘሮ ዘሐራ፣ እርስዎ ምስክር ነዎት!»

አራጋው ክው አለ። ሰኞውም፣ ጋሽ እንድሪስም፣ ጆንያውም ባንድ ጊዜ ፊቱ ላይ ድቅን አሉበት። ቢሆንም ከሰሌዳው ሥር ጠመኔ አነሳና ክብ አድርጎ ሣለ። እዚያው እያለ ድንች የሚመስለውንም የኋላ ጎማ አቃናው።

«ምን እያደረግህ ነው አንተ?»

«ጎማ ቀየርኩ፣ መምህር። የኋላውም አየር ጎድሎት ኖሯል፣ ሞላሁለት።»

ወይዘሮ ዘሐራ ሳቃቸው ሊያመልጣቸው ሲል በሻሻቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ይህን ጊዜ መምህር ጌጡ ደማቸው ፈላ።

«እሺ፣ ጎማውስ ይሁን! ሞተሯ ግን አልተነሳችም። የተነሳች ሞተር ድምፅ አላት፤ እኔ ደግሞ ምንም አልሰማሁም። ወድቀሃል!» አሉና ቀዩን እስክሪብቶ ከደረት ኪሳቸው መዘዙ።

እስክሪብቶው የብቃት ወረቀቱን ሊነካ ትንሽ ሲቀረው አራጋው መሪዋን በአየር ላይ ጨበጠ። መርገጫዋን እንደገና ረገጠ፣ ጉንጩን ነፋና «ድድድድድ... ድርርርርርርር!» አለ። ነዳጅ ሰጠ፣ ቀነሰ፣ ደግሞ ሰጠ። ውጭ ተራ የሚጠብቁት ሠልጣኞች እውነት መስሏቸው «ወጣች! ያቺ ሞተር ወጣች!» እያሉ ወደ ግምጃ ቤቱ ሮጡ።

«አቁም! አቁም እኮ ነው የምልህ!» ብለው ጮሁ መምህር ጌጡ። «ይሄ እኮ የአፍህ ድምፅ ነው! ማንን ለማታለል ነው?»

አራጋው መሪዋን ሳይለቅ ዞር አለና በትሕትና፣

«መምህር፣ ሞተሯ ከእርስዎ ጠመኔ ከወጣች፣ ድምፅዋ ከእኔ አፍ ቢወጣ ምን ነውር አለው?» አላቸው።

ወይዘሮ ዘሐራ ከዚህ በላይ አልቻሉም፤ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሲበርድላቸው ተነስተው ወረቀቱን ከመምህር ጌጡ እጅ ሳቡና «ብቁ ነው» ብለው ፈረሙበት፣ ማኅተሙንም አሳረፉበት። «መምህር፣ እርስዎ ደግሞ ያንን የግምጃ ቤት ቁልፍ አሁኑኑ ያምጡልኝ» አሉ።

አራጋው ወረቀቱን ደረቱ ላይ ለጥፎ፣ ማን እንዳይቀማው እንደሆነ እንጃ፣ በሩን አልፎ መብረር ጀመረ። መምህር ጌጡ ቁልፉን ትተው ዘንጋቸውን እያወዛወዙ በሩ ድረስ ተከተሉት።

«አንተ! ኧረ ተመለስ! ሞተሯን ሳታጠፋ የት ነው የምትሄደው? ቤንዚኑ እኮ በእኔ ፊርማ ነው!»