ጭልፊት ሽማግሌ የሆነ ቀን

ተረት ተረት ስልህ «የላም በረት»ን ኋላ ትለዋለህ አስናቀ፣ አሁን ስማኝ። ከወላጆች ስብሰባ ወጥቼ ደሜ ፈልቷል።

ጅግሮች ዋርካ ስር የዶሮ ጫጩት ያስተምሩ ነበር። ትምህርቱ አንድ ነው፤ የጭልፊት ጥላ ሲያልፍ እሾህ ውስጥ መግባት። አንድ ቀን ዶሮዎቹ አንዷን ጅግራ «ልጃችንን በእሾህ አስወጋች» ብለው አባረሯት።

«የወለድነው እኛ፣ አስተማሪ የምንመርጠውም እኛ» አለች ትልቋ ዶሮ።

«አንዷን የነካ ሁላችንንም ነክቷል» አለች የጅግሮቹ አለቃ። «ካልመለሳችኋት ማናችንም አናስተምርም። እስቲ ራስሽ ጭረሽ አስተምሪያቸው።»

ሶስት ቀን ሙሉ ተሰዳደቡ። በመጨረሻ ሽማግሌ ይግባ ተባለ። ከሁለቱም ያልተዛመደ፣ የማያዳላ ማን አለ ሲባል ጭልፊት ተጠራ። ትሰማኛለህ? ጭልፊት።

ጥላው ሲወርድ ጫጩቶቹ እንደተማሩት ወደ እሾሁ ሮጡ። «ሽማግሌ ሲመጣ ይሸሻል እንዴ? ነውር ነው፣ ውጡና ሰላም በሉ» አለች ዶሮ። ጅግራም አይታ ዝም አለች፣ ማስተማር አቁማለቻ።

ጭልፊት ሁለቱንም በትዕግስት አዳመጠ። «ሁለታችሁም እውነት አላችሁ» አለ። «በሉ ወጉ ነው፣ ሽማግሌ ሲመክር ባለጉዳይ ገለል ይላል። ከጉብታው ወዲያ ቆዩ። ልጆቹ እዚሁ ይጠብቁ።»

ገለል አሉ። ከጉብታው ወዲያ ዶሮ «ትመለስ በቃ» አለች፣ ጅግራም «እኛም እንመለሳለን» አለች። ታርቀው ሲመጡ ዋርካው ስር ሽማግሌም የለ፣ ተማሪም የለ።

ተረቴን መልስ፤ አፌን ግን በዳቦ አታብሰው፣ ገና እናገርበታለሁ።