አጥንት ያለው ሣር

አንድ ጊዜ፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ዝናቡ ልጆችን ሁሉ ቤት ባስቀመጠበት ሰሞን፣ ቦርቄ የምትባል የአህያ ውርንጭላ ነበረች። እናቷ ዳለቻ ቀኑን ሙሉ ወደ ወፍጮ ቤት እህል ስታመላልስ ትውላለች። ልጄ ብቻዋን እንዳይከፋት ብላ ስልኳን ትታላት ትሄዳለች፤ ስትወጣ ግን አንድ የማትቀር ማስፈራሪያ አለቻት።

«ቦርቄ፣ በዚህ ስልክ አንድ መጥፎ ነገር ብሰማ ወንዝ ነው የምጨምረው! ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ እማዬ።»

እናት ናትና አይፈረድባትም። ግን ይህች ማስፈራሪያ ምን ልታመጣ እንደነበር ቆይታችሁ ታያላችሁ።

አንድ ቀን «ሣር ወዳድ» የሚል ስም ያለው እንግዳ ስልኩ ላይ ብቅ አለ። ፎቶው አንድ እቅፍ ለምለም ሣር ነው። «እኔም እንዳንቺ ውርንጭላ ነኝ፤ ጓደኛ እንሁን» ብሎ ጻፈላት። የቦርቄ ጓደኞች ለክረምቱ ዘመድ ጋ ሄደው ስለነበር በደስታ ዘለለች።

ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። ዘንድሮ ያ የማያውቁት አገር ስልክ ውስጥ ተገኘለት። አዎን፣ ሣር ወዳዱ አያ ጅቦ ራሱ ነው! እመት ቀበሮ ከጎኑ ተቀምጣ «እንዲህ በላት፣ እንዲያ በላት» እያለች ትመክረዋለች። ምክሯ ጥሩ ነበር፤ ችግሩ ጅቦ ምክር የሚይዝበት ጭንቅላት የለውም።

«ዛሬ ምን በላህ?» አለችው ቦርቄ።

«ሣር! አጥንቱ እንዴት ለስላሳ ነበር መሰለሽ!»

«ሣር አጥንት አለው እንዴ?»

ጅቦ ጥቂት አሰበና «በእኛ አገር አለው» ብሎ መለሰ።

ቦርቄ ያን አገር ለማየት ጓጓች። ልጅ አይደለች!

በማግስቱ ጥያቄው በዛ። «ስንት ኪሎ ነሽ?» አላት። ቦርቄ ኪሎዋን አታውቅም። «እናትሽ ስንት ሰዓት ነው የምትወጣው?» አላት። ይህን ታውቃለችና ነገረችው። «የአጥራችሁ በር በምን ይዘጋል?» ሲላት ግን ጆሮዋ ቀጥ አለ።

«በሩን ምን ያደርግልሃል?»

«ነገ ልጠይቅሽ እመጣለሁ። ደግሞ አትፍሪ፣ ጥርሴን ቤት ትቼው ነው የምመጣው። ለእናትሽ ግን እንዳትነግሪ! ከነገርሻት ስልኩን ትነጥቅሻለች።»

ቦርቄ ፈራች። የሚያሳዝነው፣ ከዚህ እንግዳ ይልቅ የፈራችው ወንዙን ነው። ስለዚህ ዝም አለች።

አመሻሽ ላይ ዳለቻ ስትመለስ ልጅቷ የቀረበላትን ገብስ አልነካችም።

«ምነው ልጄ፣ አመመሽ?»

«አይ፣ ደህና ነኝ።»

«ደህና የሆነ አህያ ገብስ እያየ ዝም ይላል?»

የቦርቄ እንባ ዱብ ዱብ አለ። «ብነግርሽ ስልኩን ወንዝ ትጨምሪዋለሽ!»

የዳለቻ የኋላ እግር ሊራገጥ ተነሣ። አህያ ስትናደድ ከጭንቅላቷ በፊት የሚያስበው እግሯ ነው። ግን የልጇን ፊት አየችና መልሳ አወረደችው። የዚያን ቀን ከተሸከመችው እህል ሁሉ ይህች እግር ከበደቻት።

«አልጨምረውም፤ አልቆጣሽምም» አለች። «አፍሽን የዘጋው የእኔ ማስፈራሪያ ነው። በይ አሳዪኝ።»

ቦርቄ አንድም ሳታስቀር አሳየቻት። ዳለቻ የሣሩ አጥንት ላይ ስትደርስ አልቻለችም፤ እየሳቀች አናፋች፣ ሰፈሩ ሁሉ ደነገጠ። ሳቁ ሲያልቅ ግን እሷም ደነገጠች። ነገ የሚመጣው ጥርስ የእውነት ነው።

ባሏን አላማከረችም። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የተባለው ያለምክንያት አይደለም። ሲነጋ ልጇንና ስልኩን ይዛ የዱሩ ዳኛ ወደሆነው ወደ አንበሳ ሄደች። ራቅ ብላ ቆመች፤ ዳኛም ቢሆን አንበሳ አንበሳ ነው።

«ጌታዬ፣ በልጄ መጡብኝ!»

አንበሳ የተጻጻፉትን ሁሉ አነበበ። «እስቲ በቪዲዮ ደውዪለትና ፊቱን እንየው» አላት።

ዳለቻ በእነሱ በኩል ያለውን ካሜራ በጅራቷ ሸፍና ደወለች። ጅቦ ሁለት የኮባ ቅጠል እንደ ጆሮ ሰክቶ ብቅ አለ። ቦርቄ ከእናቷ ሆድ ሥር ገብታ አፈጠጠች።

«ድምፅህን ልስማው፤ እስቲ አናፋልኝ» አለች ዳለቻ ድምፅዋን እንደ ልጅ አቅጥና።

ጅቦ አፉን ከፈተ። «ሃ... ሂ... ሃ... አውውው!» አንዱ ጆሮው ወደቀ። «ጉንፋን ይዞኝ ነው» አለና ስልኩን ዘጋሁ ብሎ አስቀመጠው። አልዘጋውም ነበር።

«አመነችኝ!» አለ ለቀበሮ። «እናቷ ስትወጣ እንገባለን። ጉበቱ ለአንቺ፣ ሌላው ለእኔ።»

«ታፋውን ለእኔ ብለህ አልነበር እንዴ?» አለች ቀበሮ።

«ለእኔስ ምን ቀረልኝ?» አለ ከስልኩ የወጣ ወፍራም ድምፅ።

ዳለቻ ጅራቷን ከካሜራው ላይ አንሥታለች፤ ጅቦ ዞር ሲል መዳፍ በምታክለው ስልክ ውስጥ አንበሳ አፍጥጦበታል። ቀበሮ ነገሩ ወዲያው ገብቷት ጫካ ገብታ ጠፋች። ጅቦ ግን በሕይወቱ የሚያውቀው መፍትሔ አንድ ብቻ ነውና ስልኩን ዋጠው።

በዚህ በኩል የዳለቻ ስልክ ጨለመ።

«የት ገባ?» አለች ቦርቄ።

«እኛ ነን የገባነው፤ ሆዱ ውስጥ ነን» አለ አንበሳ። ከዚያም ደረቱን ነፍቶ አገሣ።

ግሣቱ ከጅቦ ሆድ ወጣ። ጅቦ ወደ ግራ ሮጠ፤ አንበሳው ተከተለው። ወደ ቀኝ ሮጠ፤ ተከተለው። ገደሉን ወርዶ ኮረብታውን ወጥቶ፣ ከገዛ ሆዱ እየሸሸ ከዚያ አገር ወጣ። ቦርቄም «ሣር ወዳድ»ን ብሎክ አደረገችው።

ወደ ቤት ሲመለሱ ውርንጭላዋ ወደ እናቷ ተጠጋች።

«እማዬ፣ ሌላም ነገር አለ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ አንዱ ‹ነፃ ገብስ ደርሶሻል፤ ይህን ተጫኚ› ብሎ ጽፎልኛል።»

ዳለቻ ወደ ልጇ ዞረች። «ተጫንሽው?»

«አይ። መጀመሪያ ለአንቺ ልንገርሽ ብዬ ነው።»

ዳለቻ መንገዱ መሐል ቆማ ልጇን አቀፈቻት። ዝናብ እየዘነበባቸው እንደሆነ ሁለቱም አላወቁም።

ከዚህ የምንማረው፣ በስልክ የመጣ የማናውቀው ወዳጅ «ለእናትሽ እንዳትነግሪ» ሲል ሮጦ መናገር እንደሚገባ፣ ልጆች ሮጠው እንዲነግሩን ደግሞ እኛ ትልልቆቹ ቁጣችንን አስቀድመን መዋጥ እንዳለብን ነው።