ምስክሮቹን ለየብቻ የሰማው ዳኛ

አንድ ዳኛ ነበረ። ሀብታም ነው፤ ከብቱ መስክ ይሞላል፣ ጎተራው አይጎድልም። የሚቀመጥባት በቅሎ በብር ያጌጠች ናት፤ እኔ በሠርጌ ቀን እንኳ እንደሷ አላጌጥኩም። የሚኖረው ፍል ውሃ ከመሬት እየተፍለቀለቀ በሚወጣበት ቆላ ነበር። ፍርዱ በአገሩ ሁሉ የታወቀ ነው። ምስክር ሲቀርብለት አንዱን ከአንዱ አርቆ ያስቀምጥና ቃላቸውን ለየብቻ ይሰማል። ቃላቸው ከገጠመ ይፈርዳል፤ ካልገጠመ ሁሉንም ውሸታም ብሎ ያባርራል። በዚህ ዘዴ ስንቱን የሐሰት ምስክር አዋርዷል! ሰዉም «የሱ ችሎት ወንፊት ነው፣ እብቅ አያሳልፍም» ይለው ነበር።

አንተ እንዳላማው፣ «አክስቴ፣ ዩኒቨርሲቲያችን ውስጥ አንዱ የዝንብ ክንፍ ያጠናል፣ አንዱ ድልድይ፣ አንዱ ኩላሊት፣ አንዱ ደግሞ አሮጌ ብራና። የሚሉት አይገናኝም። የሚረባውን መርጠህ ሌላውን ዝጋ ተብያለሁ፤ የቱን ልዝጋ?» ስትለኝ ትዝ ያለኝ ይህ ሰው ነው። እንግዲህ አፍህን ዘግተህ ስማ፤ መዝጋት ካማረህ ከሱ ጀምር።

ይህ ዳኛ ለአገሩ ትልቅ ውለታ ውሏል። ድሮ የዚያ ቆላ ሴቶች ውሃ የሚቀዱት ግማሽ ቀን ዳገት ወጥተው ከደጋው ምንጭ ነበር። ስንቷ እንስራዋን እንዳዘለች ገደል ገብታ ቀርታለች፤ ስንቷስ ፅንሷን መንገድ ላይ ጥላለች። እሱ ነው ቆፋሪ አምጥቶ፣ ከደጃፉ ላይ አለቱን አስፈልጦ፣ ጥልቅ ጉድጓድ ያስቆፈረላቸው። ውሃው ኩልል ያለ ነው። ሴቶቹ እልል አሉ፣ ጉልበቱን ሳሙ፣ ጉድጓዱንም በስሙ ጠሩት። በዚያው ዓመት ሚስቱ ሴት ልጅ ወለደችለት። ከሷ በፊትም ከሷ በኋላም ሌላ ልጅ አላገኘም።

ልጅቱ ስድስት ዓመት ሲሞላት ጥርሷ ጠቆረ፣ እግሯም እንደ ቀስት ይጎብጥ ጀመር። የጎረቤት ልጆችም እንዲሁ ሆኑ። አያት ቀጥ ብሎ እየሄደ የልጅ ልጁ በምርኩዝ ይከተለው ጀመር። ሰዉ ቡዳ ነው አለ፣ እርግማን ነው አለ። ዳኛው ግን ማስረጃ እንጂ ወሬ የሚሰማ ሰው አልነበረምና አራት አዋቂዎች ከአራት አገር አስጠራ። አንዱ ሐኪም ነው። አንዱ የጉድጓድና የግንብ መሐንዲስ ነው። አንዱ ድንጋይና አፈር የሚመረምር ነው። አራተኛው ለቅሶ ቤት ለቅሶ ቤት እየዞረ ከአሮጊቶች አፍ ሙሾ የሚጽፍ መንማና ሰውዬ ነው፤ እሱን ማን እንደ ጠራው እንኳ አልታወቀም፤ «አዋቂ አምጡ» ሲባል መልእክተኛው ቀላቅሎ ያመጣው ይመስለኛል።

ዳኛው የለመደውን አደረገ። አራቱን በአራት ቤት አስቀመጠ፤ እንዳይገናኙ በየበሩ ዘበኛ አቆመ። የሚበላ የሚጠጣ አላጓደለባቸውም። አንድ ወር ሙሉ በየተራ እያስወጣ ልጆቹንም አገሩንም አስመረመራቸው፤ ወሩ ሲያልቅ አንድ በአንድ ወደ ችሎቱ አስጠራቸው።

ሐኪሙ ሕመሙ ያለው አጥንት ውስጥ ነው አለ። የልጆቹ አጥንት ከልክ በላይ ደንድኗል፤ ይህም በአፍ ከሚገባ ነገር የመጣ ነው፤ ምን እንደ ገባ ግን አላውቅም አለ። መሐንዲሱ ጉድጓዱ ደህና ነው አለ። ግንቡ አልተሰነጠቀም፣ ቆሻሻ አይሰርግበትም፤ ብቻ እጅግ ጥልቅ ስለሆነ ውሃው ከታች ለብ ብሎ ይወጣል አለ። ድንጋይ መርማሪው ደግሞ ከዚህ አገር ሥር ያለው ድንጋይ እሳት የነካው ነው፣ ሞቅ ያለ ውሃ ሲያገኘው ጨው የመሰለ ነገር ይለቃል አለ። ያ ጨው ሰው ላይ ምን ያደርጋል ቢሉት፣ እኔ ሰው አላጠናሁም ብሎ መለሰ።

በመጨረሻ ሙሾ ጸሐፊው ገባ። ከብዙ ዘመን በፊት ከፍል ውሃው ዳር ሰፍረው የነበሩ ሰዎች አገሩን ጥለው እንደ ሄዱ፣ የሚሄዱ ዕለትም ሴቶቻቸው ያለቀሱትን ሙሾ አንዲት አሮጊት እንደ ነገረችው ተናገረ። አነበበውም።

«ሽማግሌው ቆሞ ልጁ ይጎብጣል፣
ከፍል ውሃው ዳር ላይ ማን ሰው ይቀመጣል።»

ለምን እንደ ጎበጡ ግን ሙሾው አይናገርም አለ።

የዳኛው ደም ፈላ። «ልጄ ሳትሞት ሙሾ ይዘህልኝ የመጣህ ሟርተኛ» ብሎ ከሁሉ አስቀድሞ እሱን ከግቢው አስወጣው። ከዚያ የቀሩትን አቁሞ ፈረደ። አንዱ አጥንት ይላል፣ አንዱ ግንብ ይላል፣ አንዱ ድንጋይ ይላል፣ የተባረረው ለቅሶ ይላል፤ ቃላችሁ አልገጠመምና ከአራታችሁ እውነተኛ የለም አላቸው።

ሐኪሙ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። «ጌታዬ፣ እኛ እኮ የአንድ ጠብ ምስክሮች አይደለንም። ያየነው የየራሳችንን ነው። እባክዎ አንድ ቀን ብቻ አብረን እንቀመጥ» አለው።

«ተማክራችሁ ልትዋሹኝ ነው?» አለ ዳኛው።

እንዲህ ብሎ አሰናበታቸው። አራቱም በየመጡበት መንገድ ሄዱ፤ መንገዳቸው አልተገናኘም።

ሁለት ዓመት አለፈ። ልጅቱ መጀመሪያ በአንድ ምርኩዝ፣ ኋላም በሁለት ሄደች፤ ከዚያ አልጋ ያዘች። አባትየው ችሎቱን ትቶ ከአልጋዋ ጎን ዋለ። እንድትበረታ ብሎ ከጉድጓዱ የተቀዳውን ውሃ በገዛ እጁ ጠዋትም ማታም አብዝቶ ያጠጣታል። ልጅቱ ከጨዋታ ሁሉ የምትወደው የችሎት ወሬ ነበር። የላም ክርክር፣ የድንበር ክርክር፣ ምኑ ቅጡ፣ ያለውን ሁሉ አወራላት። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ወሬው አለቀበትና የቀረውን፣ የአራቱን አዋቂዎች ነገር አነሳ። ሐኪሙ ያለውን ነገራት፣ መሐንዲሱ ያለውን አስከተለ፣ ድንጋይ መርማሪው ያለውን፣ ሙሾውንም ሳይቀር። እነዚያን አራት ቃሎች ከዚያን ቀን በፊት በአንድ ትንፋሽ ተናግሯቸው አያውቅም። ሙሾው ላይ ሲደርስ ድምፁ ቀነሰ።

ልጅቱ ትንሽ አሰበች። የዳኛ ልጅ አይደለች!

«አባዬ፣ ቃላቸው ነው እንጂ የተለያየ ተከሳሹ እኮ አንድ ነው። አራቱም የከሰሱት ለብ ያለውን የጉድጓዳችንን ውሃ ነው» አለችው።

የውሃዋ ጽዋ በዳኛው እጅ ነበር፤ ተነስቶ ወጣና ደጅ ላይ ደፋው።

በማግስቱ ጉድጓዱን በድንጋይ አስሞላ። ሴቶቹ አፉ ላይ ተኝተው አለቀሱ፣ እኛንም አብረህ ቅበረን አሉት። ነገሩን ቢያስረዳቸው ጥቂቱ አመነ፣ ብዙው ረገመው፤ ስሙን ጠርቶ የሚመርቀው አፍ ሁሉ ስሙን ጠርቶ ተራገመ። እሱም ያችን ባለ ብር በቅሎ የውሃ አቁማዳ ጭኖባት፣ በእግሩ እየተከተላት፣ ያንን ዳገት ይወጣ ይወርድ ጀመር። ለልጁም ለጎረቤት ልጆችም ከደጋው ምንጭ እያመጣ አጠጣ። ሐኪሙንም አስጠራው። ሐኪሙ መጥቶ የልጅቱን እግር በእጁ ዳሰሰ። ከእንግዲህ የሚወለዱት ቀጥ ብለው ይሄዳሉ፤ ሕፃናቱም ይተርፉ ይሆናል፤ ለዚች ግን መሽቶባታል አለው። የጎበጠ አጥንት ይግባኝ አይሰማም።

ዳኛው እስከ በሩ ሸኘው። «የዚያን ቀን አንድ ላይ አስቀምጬአችሁ ቢሆን ኖሮስ?» አለው።

ሐኪሙ የበቅሎውን ኮርቻ አጥብቆ፣ ተቀምጦ ሄደ።

እንግዲህ እንዳላማው፣ ዳኛው ሞኝ ነበር ብለህ እንዳትስቅ። ለከብት ሌባ ዘዴው ትክክል ነው፤ የምስክር እውነቱ በመግጠሙ ይታወቃል። ተመራማሪዎች ግን አራቱም አንድ ቃል ከተናገሩህ የሠራው አንዱ ነው፤ ሦስቱ በልተው ተኝተዋል ማለት ነው! የአንተም ሰዎች እነዚያው ናቸው። ኩላሊት የሚያየው አጥንት እንደዳሰሰው ሐኪም ነው፤ ድልድይ ሠሪውም ያንን ግንብ ያየው ነው። የዝንብ ክንፍ የሚቆጥረው፣ ሰው አላጠናሁም እንዳለው ድንጋይ መርማሪ፣ ለምን እንደሚጠቅም ቢጠይቁት አያውቅም፤ ግን አይዋሽም። ብራና የሚያገላብጠውን ደግሞ ሳትነግረኝም አውቄዋለሁ፤ ከሁሉ በፊት ልታስወጣው ያሰብከው እሱን ነው።

አንተ ዳኛው ነህ። የቱን ልዝጋ ብለህ ከመጠየቅህ በፊት አራቱን አንድ ገበታ ላይ አቅርበህ ታውቃለህ? ሲነጋገሩስ ሰምተሃል? በአንተ ፍርድ የምትጎዳው ልጅ ማን እንደሆነች እኔ አላውቅም፣ አንተም አታውቃትም። እግሯ ገና አልጎበጠ ይሆናል። ዛሬ ጠዋት ግን ውሃዋን ጠጥታለች።