ፀሐይ ያቀለጠችው ኮከብና የወልደ ሐና ወንበር

በአንድ ወቅት፣ አንድ የመስኖ ውኃ ከሚጋሩ ሁለት መንደሮች በአንዱ ወልደ ሐና የሚባል ዳኛ ይኖር ነበር፤ ሦስት ወንዶች ልጆችም ነበሩት። ተሳሳትሁ፤ ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ነበሩ። አስግድ ዓይኑ ከሰው ሁሉ የሰላ ነበር፤ ኅሩይ የከዋክብትን መንገድ ከመምህራን ተምሯል፤ ትብለጥ ስትናገር ደግሞ ተጣልቶ የመጣ ሰው ታርቆ ይመለስ ነበር።

በውኃ ተራ ጠብ ተነሥቶ ይመኑ የሚባል የማዶ ሰው ወልደ ሐናን ገደለው። ሁለቱ መንደሮች ጦራቸውን ሳሉ። የሟች ሚስት የሺመቤት ከል ለብሳ ልጆቿን ሰበሰበች። «የአባታችሁ ደም ሳይፈረድ ይህን ልብስ አላወልቅም። የሚያስወልቀኝ ልጅ የአባቱን የሸንጎ ወንበር ይውረስ» አለቻቸው።

በዚያ ሰሞን አንድ ጅራታም ኮከብ በየምሽቱ ወደ ፀሐይ ይጠጋ ነበር። የሁለቱ መንደሮች ሽማግሌ አባ ክንፉ ሁለቱንም ወገን አስማሉ፦ «ይህ ጅራታም ኮከብ ፀሐይን ሳያልፍ ደም አይፈረድም። ፀሐይን አልፎ በማለዳ ሰማይ ሲወጣ እንቀመጣለን። እስከዚያ ጦር ያነሣ የተረገመ ይሁን።»

አስግድ የኮከቡን መውጣት ለማየት ኮረብታ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። ኮከቡ በቀን እስኪታይ ድረስ ደምቆ ነበር። ፀሐይን በመዳፉ እየጋረደ ዳር ዳሯን ሲመለከት ዋለ። ኮከቡ ሲገባ አየው፤ በወዲያኛው በኩል የወጣው ግን እንደ ፈሰሰ ወተት ያለ ጭረት ብቻ ነበር፤ እርሱም ጠፋ። ፀሐይ በላችው ልል ነበር፤ ትክክል አይደለም። እንዲህ ያለው ኮከብ በረዶና አቧራ ነው፤ አብዝቶ ሲቀርባት ተንኖ ይበተናል። አስግድ ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር አላየም። ዓይኑ ታስሮ፣ በሰው እጅ እየተመራ ወረደ። ያየውንም ከቤተሰቡ በቀር ለማንም አልነገረም፤ የጠየቀው አልነበረምና።

ትብለጥ ይህን ሰምታ እናቷን አየቻት። ከዚያ በኋላ አልጠበቀችም። ጉም በበዛበት ማለዳ ሽማግሌዎቹን ከቤታቸው ጠርታ፣ ተሰውራ ከርማ ብቅ ያለችውን የንጋት ኮከብ አሳየቻቸው። «አባቶቼ፣ ጭራው በጉሙ ውስጥ አይታያችሁም?» ዓይናቸውን ሞራ የጋረዳቸው ሽማግሌዎች «ታየን» አሉ። ዋሸች ላለማለት እጠነቀቃለሁ፤ መፍረዱ የእናንተ ነውና። ሸንጎው ተቀመጠ። ይመኑ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ በየሺመቤት እግር ሥር ወደቀ። «በድያለሁ፣ እናቴ» አለ። የደሙ ካሳ ተቆረጠ። የሺመቤትም ከሏን አወለቀች።

የይመኑ አጎት ደምሴ ግን ከመካከል ተነሣ። «እኛ ያላየነውን ጭራ ይቺ ልጅና ዓይናቸውን ሞራ የጋረዳቸው ሽማግሌዎች ብቻ አዩት? እስቲ ያን ባለ ዓይን ጥሩት፤ ዓይን ከተረፈው!» ጥቂቶች ሳቁ።

አስግድ በዱላ እየተመራ መጣ።

«ወንድም ጋሼ» አለች ትብለጥ ቀስ ብላ፣ «እማዬን ተመልከታት።»

«እንዳላያት ሆኛለሁ» አላት። ወደ ሸንጎውም ዞሮ «ኮከቡ አልወጣም። ቀልጧል» አለ።

በዚህ ጊዜ ኅሩይ ቆመ። «እንደማይወጣ አውቅ ነበር። በዚህ መንገድ የሚመጡት ከአንድ ከተሰበረ ኮከብ የተቆረሱ ናቸው፤ እየተከታተሉ ይሄዳሉ። አንዱ እንኳ ከፀሐይ ተመለሰ ሲባል መምህሮቼ አልሰሙም። አባ ክንፉ በኮከቡ እንዲያስምሉ የመከርኋቸው እኔ ነኝ። የፍርዱ ቀን ካልመጣ ጦሩም አይመጣም ብዬ ነው።»

«እኔ ዓይኔን ሳጠፋስ?» አለው አስግድ።

«ብነግርህ ለሸንጎው ትናገር ነበር።»



ፍርዱ ፈረሰ፤ መሐላው ግን ጸና። ይመኑ ድንጋዩን ከጫንቃው አውርዶ ትከሻውን አራገፈ። «እንግዲህ ኮከባችሁ ሲወጣ ላኩብኝ» ብሎ ወደ ማዶ ተሻገረ። በሁለቱ መንደሮች አንድም ሰው በጦር አልሞተም። የሺመቤት ከሏን መልሳ ለበሰች፤ በከሏም ተቀበረች። ከመሞቷ በፊት ወንበሩን ለማን እንደምትሰጥ ቢጠይቋት፣ ሦስቱንም በየተራ አይታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እኔም አልፈርድም፤ እናንተ ተከራከሩ። የአባቱን ደም ሳይፈረድ አስቀርቶ የሁለት መንደር ልጆችን ያተረፈው ኅሩይ፣ በሌለ ጭራ ገዳይን አስጎንብሳ እናቷን ለአንድ ማለዳ ከከል ያወጣቻት ትብለጥ፣ በዓይኑ የገዛውን እውነት ተናግሮ ያን ማለዳ ያፈረሰው አስግድ፦ የወልደ ሐና ወንበር ለማን ይገባል?