የጉልላት ግብር

«ተረት ተረት!»

«የቤት መሠረት!»

እንዲህ ነው እንጂ። ቀረብ ቀረብ በሉ፤ ከኋላ ያላችሁም ጆሮ ስጡ።

በድሮ ዘመን ቀጨሞ የሚባል አገር ነበረ። ቤቶቹ ሁሉ ክብ ነበሩ፤ ክዳናቸውም ሣር ነበረ። ሣሩ ከላይ ተሰብስቦ በሚታሰርበት፣ የምሰሶው ራስ ብቅ በሚልበት ቦታ ላይ አንድ የሸክላ ማሰሮ ይደፉበታል። ይህን ማሰሮ ጉልላት ይሉታል። ለጌጥ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጉልላት በሌለው ቤት ዝናቡ ምሰሶውን ይዞ ቁልቁል ይወርዳል። ምሰሶውም ይበሰብሳል። ምሰሶው ከበሰበሰ ደግሞ ቤት አለኝ አይባልም።

የአገሩ ገዥ ፊታውራሪ እንግዳው ይባል ነበር። ፊታውራሪውም በየቤቱ ግብር ጣለ። ቆጣሪዎቹ ግን ቁልቁለት መውረድ የማይወዱ ሰነፎች ነበሩና፣ ከሸንተረሩ ላይ ተቀምጠው ጉልላት መቁጠር ጀመሩ። በአንድ ጉልላት አንድ ማሰሮ ማር ይከፈላል። የለም፣ ተሳሳትኩ፤ በመጀመሪያው ዓመት ግማሽ ማሰሮ ነበረ። ሙሉ የሆነው በሦስተኛው ዓመት ነው። ዐሥር ጋሻ መሬት ያለው ባለጠጋም አንድ፣ ከጓሮ በቀር የሌላት ባልቴትም አንድ።

ሰውስ ምን አደረገ? ቆጣሪ መጣ ሲባል ጉልላቱን እያወረደ ከአልጋ ሥር ደበቀ። ፊታውራሪው ይህን ሰማና ሁለት ሕግ ጨመረ። አንደኛው፣ የወረደ ጉልላት ያለ ሹም ፈቃድ አይመለስም የሚል ነው። ሁለተኛው፣ እስከ ሰኔ ሚካኤል ጉልላት ያልደፋ ቤት ወና ነው፤ ቦታውም ለገዥው ይገባል የሚል ነው። እንግዲህ ፈቃድ ያላገኘ ሰው ቤቱን ያጣል ማለት ነው።

በዚያ አገር እመት አንጓች የምትባል ባልቴት ነበረች። ባሏ ሞቷል፤ ልጅ አልወለደችም። ያላት ያች አንዲት ቤት ነበረች። ጉልላቷን አንድም ቀን አልደበቀችም፤ ግብሯንም በየዓመቱ ከፍላለች። በግንቦት አጋማሽ ግን በረዶ ወረደ። ጉልላቷንም መታው፤ ተሰነጠቀና ወደቀ።

አንጓች ገበያ ወርዳ አዲስ ማሰሮ ገዛች። በራሷ ተሸክማው ስትመለስ የመንደሩ ጭቃ ሹም ቢያድግልኝ አያት።

፦ እቴ አንጓች፣ ያ ማሰሮ ለወጥ ነው ለጣሪያ?

፦ ለጣሪያ ነው፣ አያ ቢያድግልኝ። ቤቴ ራሱን ተገልጦ ቆሟል።

፦ ፈቃድ አለሽ?

፦ በረዶው ፈቃድ ጠይቆ ነው የሰበረው?

፦ ምላስሽን ሰብስቢ። ምስለኔው ካልፈቀደ እኔ የለሁበትም።

ምስለኔ ማለት የገዥው እንደራሴ ነው። የቀጨሞው ምስለኔ ዘለቀ ይባላል፤ ቤቱም የግማሽ ቀን መንገድ ነው። አንጓች ሄደች።

፦ መሰበሩን ጭቃ ሹሙ ይመስክር፤ አላት ዘለቀ።

ተመለሰች። ጭቃ ሹሙም፦ ሲሰበር አላየሁም፤ ገሉን አሳዪኝ፤ አላት። ገሉን በአቁማዳ ሞልታ አመጣች። አገላበጠና፦ ገል የማን እንደሆነ አይናገርም፤ ምስለኔው ይመርምረው፤ አላት። አቁማዳዋን ተሸክማ ወደ ምስለኔው ሄደች።

፦ ስንት ጋሻ ምድር የማስተዳድር ሰው ተቀምጬ ገል ልቁጠር? የቆጣሪዎቹ አለቃ ይይልሽ።

የቆጣሪዎቹ አለቃ ደግሞ፦ እኔ የምቆጥረው ከላይ ያለውን ነው፤ መሬት የወደቀውን አላውቅም፤ አላት።

አንጓች ወደ ቤቷ ስትደርስ ሰኔ ገብቶ ነበር። ዝናቡም ወረደ። ጥቁር ውኃ በምሰሶው ላይ እየተንኳለለ ወለሉ ላይ ተጠራቀመ። ምሰሶውን በጥፍሯ ጫር ብታደርገው እንደ ረጠበ ዳቦ ተፈረፈረ። ይህን ምሰሶ ባሏ ነበር ከጫካ የጎተተው። ለሚካኤል አምስት ቀን ቀርቷል። አንጓች አላለቀሰችም። ተቀመጠችና አሰበች።

በቀጨሞ አንድ የሙግት ልማድ ነበረ። ሰው ባላጋራውን «በሕግ አምላክ!» ካለው፣ ያ ሰው ካለበት ንቅንቅ አይልም። ከዚያም የሁለቱ ልብስ ጫፍና ጫፉ ይቋጠራል። ዳኛ እስኪያገኙ ድረስ አብረው ይሄዳሉ። ቋጠሮውን የፈታ ሰው ተረታ ይባላል። ዳኛ ከጠፋም መጀመሪያ በመንገድ የሚያልፈው ሰው ይፈርዳል።

በነጋታው አንጓች ጭቃ ሹሙን ከደጁ አገኘችው።

፦ በሕግ አምላክ!

ቢያድግልኝ ቆመ። የነጠላዋን ጫፍ ከጋቢው ጫፍ ጋር ቋጠረችው።

፦ ኧረ አንቺ ሴት፣ ሰው ያያል!

፦ ይይ።

እየጎተተችው ምስለኔው ዘንድ ደረሱ። ጭቃ ሹሙ፦ እኔ ምን አደረግሁ? ያልፈቀደው እሱ ነው፤ አለ።

፦ እንግዲያስ ጌታዬ፣ እርስዎንም በሕግ አምላክ ብያለሁ! አለች አንጓች፤ የምስለኔውንም ኩታ ከጭቃ ሹሙ ጋቢ ጋር አያያዘችው።

ሦስቱም እንደ ነጋዴ በቅሎ ተቀጣጥለው ወደ ፊታውራሪው መንገድ ጀመሩ። ከቀትር በኋላ ዝናብ ያዛቸውና በአቅራቢያቸው ወዳለ ቤት ተንደርድረው ገቡ። ያ ቤት ጉልላቱ ከወረደ መንፈቅ ሆኖት ነበረ። ባለቤቱ ሹማምንቱን አየና እጅ ነሣ።

፦ ጌቶቼ፣ መጠለል ከፈለጋችሁ ውጭው ይሻላችኋል። የውጭው ዝናብ ንጹሕ ነው፤ የዚህኛው ጥቀርሻ አለበት።

ምስለኔ ዘለቀ እዚያው ቆሞ ዝናቡን አሳለፈ። ነጭ ኩታው ግን መልኩን ለውጦ ወጣ።

ፊታውራሪ እንግዳው በገበያ መንገድ ዳር፣ ከዋርካ ሥር ችሎት ተቀምጦ ነበር። ሦስቱን ሲያይ ሳቀ።

፦ ይህ ምን ዓይነት ሠርግ ነው?

አንጓች ነገሯን ከበረዶው አንሥታ ተናገረች። ጭቃ ሹሙ ወደ ምስለኔው አመለከተ። ምስለኔውም እጅ ነሥቶ፦ ጌታዬ፣ እኔ የሕጉ አገልጋይ ነኝ፤ አለ።

፦ ሕጉስ የማን ነው? ስትል አንጓች ጠየቀች።

፦ የእኔ ነዋ! አለ ፊታውራሪው።

፦ እንግዲያስ ጌታዬ፣ በሕግ አምላክ።

 አንድ ሽማግሌ ሳሉን ዋጠ። ፊታውራሪው ተቆጣ፤ ሊነሣም ቃጣው። ነገር ግን በየቀኑ በዚያ ቋጠሮ የሚፈርድ ሰው ነውና፣ እሱ ዛሬ እምቢ ቢል ነገ ማንም እሺ እንደማይለው ዐወቀ። የካባውን ጫፍ ዘረጋ። አንጓችም ከምስለኔው ኩታ ጋር ቋጠረችው።

፦ ለእኔ ዳኛ ከወዴት ይምጣ?

፦ በመንገድ የሚያልፈው፣ ጌታዬ።

በዚያን ሰዓት ኑርዬ የሚባል የጨው ነጋዴ ሦስት አህዮቹን እየነዳ ብቅ አለ። ፍረድ ሲሉት ደነገጠ።

፦ ወላሂ እኔ ገበያ እየሄድኩ ነው! እናንተ ተጣልታችሁ ጨዬ ይሟሟ?

፦ ፍረድና ሂድ፤ አለው ፊታውራሪው።

ኑርዬ ነገሩን ሰማ። አራቱን ቋጠሮ ተመለከተ። የለም፣ አራት ሰዎች ናቸው እንጂ ቋጠሮው ሦስት ነው። ከዚያም አንገቱን አከከ።

፦ እኔ ሠላሳ ዓመት አህያ ጭኛለሁ። የምጭነው በጀርባዋ ነው። ከሩቅ የሚታየኝ ጆሮዋ ነው ብዬ በጆሮዋ ላይ ብሰቅለው አህያዋም ትተኛለች፤ እኔም ገበያ አልደርስም። የዚህ አገር ጀርባው ማሳው ነው፤ ጉልላቱ ጆሮው ነው። ሌላም ልጨምር? አንድ በር ላይ ሦስት ዘበኛ ከቆመ፣ ቁልፉ የማን እጅ እንዳለ ዘበኞቹም አያውቁትም። እንኪያስ ሴትዮዋ ረታች። አህዮቼን ልቀቁልኝ!

 ፊታውራሪው ቋጠሮውን በገዛ እጁ ፈታ። በዚያው ዕለት ነጋሪት ተጎሰመ። ከእንግዲህ ግብር በማሳው ስፋትና በምርቱ ልክ ይሁን፤ ቤቱን የሚጠግን ሰው ማንንም አይጠይቅ፤ ወና የተባለም ቤት ለባለቤቱ ይመለስ ተባለ።

ሁሉም ደስ አለው አልላችሁም። ሰፊ ማሳ ያላቸው አጉረመረሙ። ምስለኔ ዘለቀ ከዚያ ቀን ወዲህ ሲስቅ የታየበት ጊዜ የለም። የለም፣ አንድ ጊዜ ስቋል ይባላል፤ እሱም አንበጣ አዝመራውን በልቶበት ግብር ባልከፈለበት ዓመት ነው።

አንጓች ወደ ቤቷ ስትመለስ ጭቃ ሹም ቢያድግልኝ ከኋላዋ ተከተላት። ቋጠሮው ተፈቷል፤ እሱ ግን ወዴት እንደሚሄድ አላወቀም። ከደጇ ቆመና ጋቢውን ጨመቀ።

፦ እቴ አንጓች፣ እንግዲህ እኔ የምፈቅደው ምን ቀረኝ?

፦ ምንም። መሰላሉን ያዝልኝ።

ያዘላት። አንጓች ማሰሮዋን በጀርባዋ አዝላ ወጣች፤ በምሰሶው ራስ ላይም ደፋችው። ከሸንተረሩ ላይ ሆኖ የቆጠራት ሰው አልነበረም።

ተረቴን ሰምታችሁ ጨረሳችኋት፤ እኔ ግን ጦሜን አመሸሁ። እንግዲህ እናንተ ተረቴን ወደ ቤቷ መልሱልኝ፤ ለደከመው አፌም ከድፎው ቁራሽ አትንፈጉት።